ከሲልቬሪዮ ተራ የጎደለ አንድ ሰዓት

ኦብዱሊያ ካሪዮን በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ በውሃ ስርቆት ተከሰሰች። የከሰሳት ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም፤ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ሲልቬሪዮ ነው። በቤናልሳ መንደር ወሬ ክንፍ አለውና ጠዋት ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሁሉ ከዳቦው ጋር ይህንኑ ይዞ ቤቱ ገባ። በመጠጥ ቤቱ ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች ካርታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው ሳቁ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለ አንዱ። «ሚኒስትሯም ስትሾም ያልጠጣችውን አሁን እየጠጣችው ነው።»

ሚኒስትር ሆና አታውቅም። ስሙን ያወጡላት እነሱው ናቸው፤ እንደ ስድብም እንደ ኩራትም ያገለግላቸዋል።

ስትወለድ የኮክ አትክልተኛ ልጅ ነበረች። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስለ ውሃ ልትማር ወደ ከተማ ሄደች፤ በሃያ አራት ዓመቷ ስትመለስ ወንዙ ቀለሙን ቀይሮ ጠበቃት። ከላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ሰኞ ቀይ ከነከረ ወንዙ ሰኞ ቀይ ነው፤ ሐሙስ ሰማያዊ ከነከረ ሐሙስ ሰማያዊ ነው። በአገሩ ለብዙ ዘመን ያልነበረ የማዘጋጃ ቤት ምርጫ የተጠራው ያን ጊዜ ነበር። ኦብዱሊያ አምስት ጠርሙስ የወንዝ ውሃ ቀድታ ወደ ስብሰባው ሄደችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ንጹሕ ነው የሚል ካለ ይጠጣ አለች። የጠጣ የለም። ተመረጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሲተረክ አጭር፣ ሲኖሩት ረጅም ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ክልሉ ምክር ቤት፣ ከክልሉ ወደ ማድሪድ፣ ከማድሪድ ተመልሳ የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሆነች። ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች። ንግግር አትችልም፤ እውነቱን ለመናገር ስትናገር የተሰበሰበው ሕዝብ ያዛጋ ነበር። የምትችለው ካርታ ማንበብ፣ በእግሯ መሄድ፣ እና አንድ ወረቀት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰለች ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መግፋት ነው። በምክር ቤቱ ምንጣፍ ላይ ጭቃ የተለጠፈበት ጫማ ካየህ ኦብዱሊያ አልፋለች ማለት ነው። ስድስት ዓመት አብሯት የኖረ አንድ መምህር ነበር፤ በመጨረሻ «አንቺ የተጋባሽው ከረግረጉ ጋር ነው» ብሏት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። እሷም ነገሩን አስባበት ልክ ነው አለች።

መምህሩ ረግረግ ያለው የሳላዳን ሐይቅን ነው። ከቤናልሳ በታች ያለው ይህ ሐይቅ ዓመት ዓመት እየሸሸ ሄዶ ከብት የማይግጥበት ነጭ ሜዳ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። በዙሪያው ዘጠኝ መቶ ያልተመዘገበ ጉድጓድ ነበረ። ኦብዱሊያ የገፋችው ሕግ ቀን ቆረጠ፤ እስከዚያ ቀን የተመዘገበ ጉድጓድ በልክ ያጠጣል፣ ከዚያ ያለፈ ይታሸጋል።

ሲልቬሪዮ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

የት እንደነበረ እሷ ታውቃለች። እናታቸው ሆስፒታል ተኝታ እያጣጣረች ነበርና እሱ ከአልጋዋ ሥር አልተነሣም። ኦብዱሊያ በእነዚያ ሳምንታት ለሕጉ ድምፅ ስትለምን ከከተማ ከተማ ትዞር ነበር፤ እናቷን ያየቻት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከቀብሩ በኋላ ሲልቬሪዮ ያንኑ የቀብር ልብሱን ለብሶ ቢሮዋ መጣ። ወንድሟ እንደሆነ ለጸሐፊዋ ሳይናገር ከሌላው ባለጉዳይ ጋር ሁለት ሰዓት ወረፋ ጠበቀ። ሲገባ ወንበር ስትሰጠው አልተቀመጠም።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው» አላት። «የት እንደነበርኩ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ላንተ ብከፍት ግን ነገ ዘጠኝ መቶውንም እከፍታለሁ።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ጉድጓዱ በሳምንቱ ታሸገ፤ ልታሽግ የመጣችው እሷው ራሷ ነበረች። ሲልቬሪዮ ከታችኛው እርሻው የኮክ ዛፎቹን ግማሽ ቆረጠና ከእህቱ ጋር መነጋገር አቆመ። መንደሩ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» አላት። በሦስተኛው ክረምት ሐይቁ ሞላ፤ ዳክዬ መጣ፣ ዳክዬውን ሊያይ ሰው መጣ፣ ለሰዉ ምሳ የሚሸጥም መጣ። ያኔ መንደሩ ስድቡን ትንሽ አለሳለሰው። ሲልቬሪዮ ግን አላለሳለሰም። ቂም ይዞ ጸሎት ይሉሃል ይሄ ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እህትየው ከፊት፣ ወንድምየው ከኋላ ይቀመጡና ሰላም ተባባሉ ሲባል እሱ ወደ ጣሪያው ያያል።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ኦብዱሊያ ጡረታ ወጥታ ወደ መንደሯ ስትመለስ የፈለገችው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከሁለት አንዳቸው ሳይሞቱ ሲልቬሪዮ እንዲያናግራት። ሽልማት ነበራት፣ ስሟ በጋዜጣ ነበር፣ በከተማው አንድ መናፈሻ በስሟ ሊሰየም ነው ይባል ነበር፤ እሷ ግን የምትፈልገው ያ ግትር ሰውዬ አንድ ቀን በመንገድ ላይ «እንዴት ዋልሽ» እንዲላት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሄዳ በሩን እንዳታንኳኳ እሷም ያው የካሪዮን ልጅ ናት።

የአባታቸው አትክልት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ላይኛው የእሷ፣ ታችኛው የእሱ። የእሷን ድርሻ ስንት ዘመን ጎረቤት ሲያለማው ቆይቶ በዚህ ዓመት ተረከበችው። የጎማ ጫማ ገዛች፣ መቁረጫ አሳለች፣ ወገቧን እያሻሸች ዛፎቹን ገረዘች። በሐምሌ የመጀመሪያ የውሃ ተራዋ ደረሰ።

ተራው በየዘጠኝ ቀኑ ይዞራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ውሃው የሲልቬሪዮ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ጀምሮ የኦብዱሊያ። በዚያን ቀን ገና ሳይነጋ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች፤ ልክ አሥራ ሁለት ሲል ውሃውን የሚዘጋውን ሳንቃ ብድግ አደረገች። ውሃው እየተንደረደረ በአባቷ ዛፎች መካከል ሲገባ ከሃምሳ ዓመት ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። በምክር ቤት ስለ ውሃ ስንት ሺህ ቃል ተናግራለች፤ እግር ላይ ሲፈስ ምን እንደሚመስል ግን ረስታው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ሲልቬሪዮ መቆፈሪያውን ተሸክሞ ከታች መጣ። ውሃው ውስጥ ቆማ አያት። እንደምን አደርክ አለችው። ሳንቃውን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ወረደ። ያው የለመደችው ዝምታ መስሏት ሥራዋን ቀጠለች።

ዝምታው ግን የተለመደው አልነበረም። በቤናልሳ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ። አንደኛው የመንግሥት ነው፤ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት በአዋጅ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ሁለተኛው የውሃ ነው፤ እሱን የሚገፋው የለም። ውሃ አዋጅ አይሰማም ይላሉ። የመንግሥት ሰዓት አሥራ ሁለት ሲል የውሃው ገና አሥራ አንድ ነው። ይህን በመንደሩ ያለ ሰው ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር ስለጠባው ለማንም ሰው አይነገርም። ኦብዱሊያ መንደሩን ለቃ ስትሄድ ግን ሰዓቱ አንድ ብቻ ነበር፤ መግፋቱ የመጣው በማግስቱ ዓመት ነው። ማዘጋጃ ቤት ስትሠራም ሆነ በኋላ በበዓል በበዓል ስትመለስ ደግሞ ሳንቃ የሚያስነሣት ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሐይቆችን ዕድሜ በሺህ ዓመት የምትቆጥረው ሴት የገዛ መንደሯን ሰዓት ሳታውቅ ቀረች፤ ከወንድሟ ተራም አንድ ሙሉ ሰዓት ወሰደች።

ከሰዓት በኋላ የቦዩ ጠባቂ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሐሙስ ቀትር የውሃ ሸንጎ ፊት እንድትቀርብ፣ ከሳሿም ሲልቬሪዮ ካሪዮን እንደሆነ ነገራት። ወረቀት የለም፤ የውሃ ሸንጎ ነገሩን ሁሉ በአፍ ይጨርሳል። ኦብዱሊያ ስለ ሰዓቱ ያን ጊዜ ተረዳች። መጀመሪያ አፈረች። ቀጥሎ ደግሞ፣ ይህን ለራሷ እንኳ ለማመን ቢያስቸግራትም፣ ልቧ ዘለለ። በሸንጎው ደንብ ከሳሽ ተከሳሹን ዓይን ዓይኑን እያየ በስሙ ጠርቶ ነው የሚናገረው። ሲልቬሪዮ ሊያናግራት ነው።

ረቡዕ አመሻሹ ላይ ኤሊሴዮ መጣ። ኤሊሴዮ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአምስቱ የውሃ ዳኞች አንዱና አለቃቸው፣ የውሃ አባት ነው። ኦብዱሊያ ወንበር ወደ ደጅ አወጣችለት፤ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት አቀረበችለት። ሽማግሌው ቀስ ብሎ በላ፣ ስለ ሙቀቱ ተናገረ፣ ስለ ጉልበቱ ተናገረ፤ በመጨረሻ ወደ መጣበት ነገር ገባ።

«ልጄ፣ ደንባችን ላይ አንድ ነገር አለ» አላት። «አዲስ ለገባ ሰው በመጀመሪያ ተራው ጠባቂው ሰዓቱን ሊነግረው ይገባል። አንቺ ዘንድሮ ነው የገባሽ። ነግሮሻል?»

«አልነገረኝም። የቤናልሳ ልጅ ናት ብሎ ይሆናል።»

«ይሁን፣ አልነገረሽም። ነገ ይህን በይ፤ ክሱ እዚያው ይሞታል።»

«ሲልቬሪዮስ?»

«ሲልቬሪዮማ አፍሮ ቤቱ ይገባል።» ኤሊሴዮ ዘይቱን ከጣቱ ጠረገ። «አንቺ ካላልሽው እኔ እንዳልናገርልሽ ዳኛ ነኝ። ተራሽን በዚህ ሐምሌ ካጣሽ ደግሞ አሥራ ስምንት ቀን ያለ ውሃ ነው። የአባትሽ ዛፎች ዘንድሮ ፍሬያቸውን ያረግፋሉ፤ የሚደርቅም አይጠፋም።»

አመስግና ሸኘችው። ከዚያ ደጅ ተቀምጣ አሰበች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሕግ ውስጥ ቀዳዳ ስትፈልግና ስትደፍን የኖረች ናት፤ ይህ ቀዳዳ ደግሞ እውነተኛ ነው፣ ውሸት የለበትም። ቢሮዋ መጥቶ ወንበር እምቢ ያለውን ሰው አስታወሰች። እሱም ያለው ነገር እውነት ነበር።

ሐሙስ በውሃው ሰዓት ቀትር ላይ፣ በዚህኛው ሳትሳሳት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሰች። አምስቱ ዳኞች ጥቁር ካባቸውን ደርበው ከበሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ሰባት ስምንት ሰው የሚቆምበት አደባባይ ዛሬ ሞልቷል። መጠጥ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለቤቱም እዚያው ነው።

ሲልቬሪዮ ፂሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ስልሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እጆቹ ትልልቅ፣ አንገቱ በፀሐይ የከሰለ። ወደ እሷ ዞረ። ደንቡ እንደሚያዘው ዓይን ዓይኗን አየ።

«ኦብዱሊያ ካሪዮን» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ከተራዬ አንድ ሰዓት ወሰድሽ። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ውሃ አልደረሳቸውም። ዘንድሮ ከተከልኩት የኮክ ችግኝ ሰባቱ ደረቀ።» ይህንንም ጨመረ። «ሳንቃው ተነሥቶ ሳለ መጥቼ አይቻለሁ። ዝጊው ብልሽ ትዘጊው ነበር። አላልኩም። ይህን የምናገረው ሸንጎው ሁሉንም ይወቅ ብዬ ነው።»

ከሕዝቡ መካከል አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ኤሊሴዮ ወደ ኦብዱሊያ ዞሮ የምትመልሰው እንዳለ ጠየቃት። ጠባቂው አንገቱን ደፍቷል። ሽማግሌው ዳኛ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም፤ ያንን ቃል እንድትናገር እየጠበቀ እንደሆነ ገባት።

«ውሃውን ወስጃለሁ» አለች። «ሰዓቱን አላውቅም ነበር። ባለማወቄ ግን ችግኞቹ አልጠጡም።»

«ሌላ የምትጨምሪው የለሽም?» አላት ኤሊሴዮ።

«የለኝም።»

ኤሊሴዮ ተነፈሰ። በደንቡ ያመነ ሰው ሲኖር ቅጣቱ ከመነገሩ በፊት ከሳሹ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ «ይብቃኝ» ካለ ነገሩ ይቀራል። ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይቃቃር ብዙ ሰው ይብቃኝ ይላል። ኤሊሴዮ ሲልቬሪዮን ጠየቀው። ኦብዱሊያ የጫማዋን ጫፍ እያየች፣ ይብቃኝ በለኝ ብላ ለመነችው፤ በአፏ አይደለም። ዛፎቹ አላሳሰቧትም። ሊምራት ይወድ እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለገችው።

«አይበቃኝም» አለ ሲልቬሪዮ።

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። አንዲት ሴት፣ ምን ያለ ጨካኝ ነው አለች። ሲልቬሪዮ ሰምቷታል፤ ፊቱ ቀላ። ንግግር እንደ እህቱ እሱም አይችልም።

«በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች ይባላል» አለ። «በቅሎዬ በሕግ ሄዳለች። አሥራ አንድ ዓመት ያዘንኩት ግን ለበቅሎዋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን አልማረችኝም። ሰው ሁሉ፣ እህት አይደለችም አለኝ። እኔም አልኩ። ዛሬ እኔ ብምራት፣ ያኔም መማር ይቻል ነበር ማለት ነው። እየቻለች ተወችኝ ማለት ነው። ጨካኝ ነበረች ማለት ነው።» ወደ ዳኞቹ ዞረ። «እህቴ ጨካኝ አልነበረችም። ሕጉ ለሁላችን አንድ ነው። ቅጡልኝ።»

ኦብዱሊያ በምክር ቤት ሲሰድቧት፣ ፎቶዋን አደባባይ ላይ ሲያቃጥሉ፣ ምርጫ ስትሸነፍ ያላወጣችውን እንባ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አወጣችው። አልደበቀችውም፣ አልጠረገችውም። ዳኞቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተነጋገሩ። ኤሊሴዮ የሚቀጥለው ተራዋ መታጠፉን፣ ውሃዋም ለከሳሹ መሰጠቱን ነገራት። ተቀብያለሁ አለች። ቀጥሎ ፍየሉ ቦይ የናደችበት ሰውዬ ተጠራ፤ ሕዝቡ ግን ስለ ፍየል ለመስማት አልቆመም።

ወደ አትክልቱ የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። ኦብዱሊያ ወጥታ መሄድ ስትጀምር ሲልቬሪዮ ከኋላዋ ነበር፤ ከዚያ ከጎኗ ሆነ። ብዙ መንገድ ሄዱ። ፀሐዩ ይፋጃል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «ጉድጓዱ ሲታሸግ ለምን አንቺ ራስሽ መጣሽ? የምትልኪው ሰው አጥተሽ ነው?»

ጋዜጠኞች ይህን ስንት ጊዜ ጠይቀዋታል። ለእነሱ ስለ ኃላፊነት ረዘም ያለ መልስ ነበራት።

«ሰው ብልክ ኖሮ ያን ሰው ትጠላው ነበር» አለችው። «የታዘዘ ሠራተኛ ነው፣ ምን አደረገ? የምትጠላው ሰው ካስፈለገህ እኔን ጥላ ብዬ ነው።»

ሲልቬሪዮ ይህን ይዞ ጥቂት ተራመደ።

«አሳምሬ ነው የጠላሁሽ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ቀን ሳላጓድል።»

«አውቃለሁ፣ ሲልቬሪዮ።»

መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ነበረ። እዚያ ሲደርሱ ሲልቬሪዮ ቆመ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ሽማግሌ መሆኑን ኦብዱሊያ ያን ጊዜ አየች።

«ደከመኝ፣ እታለም» አላት።

እሷም ደክሟት ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር ቦታ ለቀቀችለትና ጎን ለጎን ተቀመጡ።